ለመኪናው ሊብሬ አለ፤ ለዳሌውስ?

አጎቴ የሚነዷት አሮጌ ቶዮታ ሊብሬ አላት። የሞተሯ ቁጥር፣ የሻንሲዋ ቁጥር፣ የተመረተችበት ዓመት ሁሉ ተጽፎበታል። ግራ ዳሌያቸው ውስጥ ስለተተከለው ሰው ሠራሽ መጋጠሚያ ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት የላቸውም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምን እንደገባላቸው ስጠይቅ «ታይታኒየም ነው፣ ጥሩ ነው» ተባልኩ። በቃ።

ወዳጆቼ፣ «ታይታኒየም ነው» ማለት «መኪና ነው» እንደማለት ነው። ቁም ነገሩ ያለው ቆዳው ላይ ነው።

ታይታኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በራሱ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ሰውነታችን የሚያገኘው ብረቱን ሳይሆን ይህን ሽፋን ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገቡትን የታይታኒየም ዕቃ መልሰው ማውጣት አቃታቸው፤ አጥንቱ ይዞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ግኝታቸውን ለሰው መንጋጋ አዋሉት።

ነገር ግን ይህ ሽፋን መፋተግ አይችልም። ይላጣል፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያስቆጣል፣ አጥንትም ሊያሳሳ ይችላል። ስለዚህ አምራቾች ሌላ ሽፋን ይጨምሩበታል። የአጥንታችን ዋና ማዕድን ዓይነት የሆነው ሃይድሮክሲአፓታይት አጥንት ቶሎ እንዲይዘው ይረዳል። ወርቅማው ታይታኒየም ናይትራይድ መፋተግን ይቋቋማል። ብር ደግሞ ባክቴሪያን ይከላከላል። አሜሪካዊው ሐኪም አንቶኒ ግሪስቲና እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን በሩጫ መስለውታል፦ የታካሚው ሴሎችና ባክቴሪያዎች የብረቱን ገጽ ቀድሞ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። ባክቴሪያ ከቀደመና ጎጆውን ከሠራ አንቲባዮቲክ በቀላሉ አይደርስበትም፤ ብዙ ጊዜ ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆናል።

ሁሉም የራሱ ጣጣ አለው። በደንብ ያልተጣበቀ ሃይድሮክሲአፓታይት ሊላቀቅ ይችላል። ብር ከበዛ የራሳችንንም ሴሎች ይጎዳል። የትኛው እንደተተከለ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዘንድሮ አጎቴን ዳሌያቸውን ያማቸው ጀመር። ሌላ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «የማን ምርት ነው? ሞዴሉስ?» ብሎ ነበር። እርስ በርስ ተያየን። ኤክስሬይ ቅርጹን እንጂ የሽፋኑን ዓይነት አይናገርም። መጀመሪያ ወደታከሙበት ተመለስን፤ ካርዳቸው ላይ ያለው መጋጠሚያው መተካቱን የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ነው። እንደገና መክፈት ቢያስፈልግ ሐኪሙ የትኛውን መለዋወጫ እንደሚያዘጋጅ እንኳ በግምት ነው።

«ይሄ የድህነት ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉና የምርት ቁጥሩ ማሸጊያው ላይ ታትሞ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜም የሚለጠፍ ስቲከር አብሮት አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ ለአብዛኛው ተተካይ አካል ታካሚው ካርድ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ስቲከር ልጦ ካርድ ላይ መለጠፍ ስንት ብር ያስወጣል? ዶላር አይጠይቅም፤ ታካሚን ባለቤት ብሎ መቁጠርን ብቻ ነው የሚጠይቅ።

ቤተሰባችሁ ውስጥ ብረት የሚገባለት ሰው ካለ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጠይቁ፦ የማን ምርት ነው? ሽፋኑ ምንድን ነው? ስቲከሩን ትሰጡናላችሁ? ከዚያ ፎቶ አንሥታችሁ ከአንድ በላይ ስልክ ላይ አስቀምጡት። ሐኪሙ ቢቀየር፣ ሆስፒታሉ ቢዘጋ፣ ያ ብረት ግን ከሰውየው ጋር ይኖራል።