ሠላሳውንም ቀን የጾመችው ልጄ



ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ልጄ አንብባዋለች። «ስሜን እንጂ ታሪኬን አትደብቂው» ብላ ስለፈቀደችልኝ ነው ወደ እናንተ ያመጣሁት።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ነቀምት በ2014ቱ ረመዳን ነው። ልጄ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። እንደምታውቁት ሐይድ ላይ ያለች ሴት አትጾምም፣ አትሰግድም፤ ጾሙን በኋላ ቀዷ ታወጣለች። ልጄ ግን ሠላሳውንም ቀን ጾመች፤ ከተራዊሕም አንድ ሌሊት አልቀረችም። እኔም «ማሻአላህ፣ አላህ አገራላት» ብዬ ተደሰትኩ። በ2015ም ረመዳኑ 29 ቀን ነበርና 29ኙንም ጾመች። ከዒድ በኋላ ቡና ስንጠጣ አንዲት ጎረቤቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጅሽ ዘንድሮም አንድ ቀን ሳታጎድል ጾመች አይደል?» አለችኝ። የቀረውን አልጨረሰችውም። ያላገባች ልጅ የወር አበባዋ ሲቀር ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያስብ ማን ይነግራችኋል?

ያን ሌሊት ልጄን ጠየቅኋት። እንደ እናት ሳይሆን እንደ ዳኛ ነበር የጠየቅኋት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። እያለቀሰች በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ እንደምታይ ነገረችኝ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ጓደኞቼን ሕመሙ ሲያሠቃያቸው አይ ነበር፤ የኔ መቅረቱ ጸጋ መሰለኝ» አለች። ከትራሷ ሥር ወረንጦ አወጣች። ለካስ በሒጃቧ ሥር አገጯ ላይ የሚበቅለውን ጠጉር ሌሊት ሌሊት እየነቀለች ኖራለች።

ወረንጦውን ሳይ ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ። እህቴ በ1980ዎቹ ከዲዴሳ ማዶ ጊምቢ ነበር የተዳረችው። ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ልጅ አልወለደችም። ያልጠጣችው ሥራ ሥር፣ ያልሄደችበት ዚያራ የለም። «መካን» የሚለው ቃል ከስሟ በፊት ይጠራ ጀመር፤ ባልየው ግን አንድም ቀን ተመርምሮ አያውቅም። በመጨረሻ በአንድ ሳጥን ልብሷን ይዛ ወደ እናታችን ቤት ተመለሰች። እሷም በመሐረብ የጠቀለለችው ወረንጦ ነበራት። ልጆች ሳለን ሰርቀን እንጫወትበት ነበር።

ልጄን መጀመሪያ የወሰድኳት ወደ አንድ ክሊኒክ ነው፤ የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ደሟንም ሳይመረምሩ «ስታገባ ይስተካከላል» ብለው ሸኙን። ከዚያ ወራት ቆይቶ ቀርቶ የነበረው ደም መጣና 23 ቀን ሙሉ አልቆም አለ። ልጄ ሶላቷ ጨነቃት። የመስጊዳችንን ሼኽ ባለቤት በኩል አስጠየቅን። ሼኹም ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደሟ አልቆም ብሏት ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላት ልተው ወይ ብላ እንደጠየቀች፣ እርሳቸውም ያ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ እንዳልሆነ እንደነገሯት አስታወሱን። የሐይድ መጨረሻው በሻፊዒይ መዝሀብ 15 ቀን፣ በሐነፊይ 10 ቀን ነው፤ ከዚያ ያለፈው ኢስቲሓዷ ስለሆነ ታጥባ፣ ለየሶላቱ ውዱእ እያደረገች ትሰግዳለች። የየሴቲቱ ልማድ ስለሚለያይ ዝርዝሩን እያንዳንዷ ለራሷ ብትጠይቅ ይሻላል። ሼኹ ግን በዚህ አላበቁም፤ «ይህ ጂን አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰጇት» የሚል መልእክት ላኩብኝ። እስከ ዛሬ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።

ሆስፒታል ያገኘናት ሐኪም ከሁሉ በፊት የነካችው የልጄን አንገት ነው። ወለጋ የእንቅርት አገር መሆኑን የማያውቅ የለም። የጨው አዮዲን ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት አንገቷ ያላበጠ እናት የማይገኝበት ቀበሌ ነበር። የአንገት ዕጢ ሥራው ሲደክምም የወር አበባ ይዛባልና መጀመሪያ እሱ በደም ምርመራ ተጣራ። ፕሮላክቲን የሚባለው የጡት ወተት ሆርሞንም ታየ። የእርግዝና ምርመራም ታዘዘ፤ ውጤቱ እስኪወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ንጹሕ ነበረች። ልጄ በዚያ ቅጽበት ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

አልትራሳውንድ ሲባል ደግሞ ለድንግል ልጅ እንዴት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። በሆድ ላይ ብቻ ነው የሚያነሱት። ሐኪሟ እንዳለችውም የወር አበባ ከጀመረች 8 ዓመት ላልሞላት ልጅ በአልትራሳውንድ አይፈረድም፤ ጤነኛ ልጃገረድም በዚያ ዕድሜ እንዲያ ሊታይባት ይችላልና። የሚታየው የወር አበባው መዛባትና የአንድሮጅን ሆርሞን መብዛት ነው። በመጀመሪያው ዓመት መዛባት ያለ ነው፤ ሦስት ዓመት ካለፋት በኋላ ግን በዓመት ከ8 ጊዜ በታች የምታይ ልጅ መመርመር አለባት። ልጄ አራት ዓመት አልፏት ነበር።

የሕመሙ ስም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ይባላል። ሐኪሟ በወረቀት ጀርባ ላይ እየሣለች አስረዳችን። ከአንጎላችን ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። ከእርሷ ኤፍ.ኤስ.ኤች. እና ኤል.ኤች. የተባሉ ሁለት ሆርሞኖች ይወጣሉ። የመጀመሪያው በእንቁልጢ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ያሳድጋል፤ ሁለተኛው ያደገውን ከረጢት አፈንድቶ እንቁላሉን ያስወጣል። በዚህ ሕመም በብዙዎቹ ሴቶች ላይ ኤል.ኤች. ሚዛኑን አልፎ ይበዛል። ይህን ጊዜ እንቁልጢ አንድሮጅን አብዝታ ታመነጫለች። አንድሮጅን የወንድ ሆርሞን ቢባልም በማንኛዋም ሴት ገላ ውስጥ በጥቂቱ አለ፤ ሲበዛ ነው ጠጉርና ብጉር የሚያመጣው። ከረጢቶቹም ግማሽ መንገድ አድገው ይቆማሉ። በአልትራሳውንድ እንደ ዶቃ ተደርድረው የሚታዩት እነዚሁ ናቸው፤ ካንሰር አይደሉም። እንቁላል ካልወጣ ደግሞ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይመጣም። የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን የሚያረግፈው አጥቶ ወር ከወር ይወፍራል፤ አንድ ቀን ሲናድ ያ የ23 ቀን ደም ይሆናል። እንዲሁ ለዓመታት ቢተው የማህፀን ሽፋን ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሁለተኛው ምክንያት ነው። ቆሽታችን የምታመነጨው ኢንሱሊን ስኳርን ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው ገላ ያስገባል። በብዙዎቹ ታማሚዎች ገላው ለኢንሱሊን ጆሮ ይነሳል፤ ቆሽትም ይሰማኝ ብላ አብዝታ ትልካለች። ጡንቻው ባይሰማም እንቁልጢ ትሰማለችና አንድሮጅን ጨምራ ታመርታለች። ኢንሱሊኑ በጉበትም ላይ ሠርቶ ቴስቶስትሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ስለሚቀንሰው የተለቀቀው ይበዛል። ውፍረት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ቀጫጭን ልጆችም ግን ይያዛሉ። ሐኪሟ «ከዘመድ ያለባት አለች?» ስትለኝ አፌ ተያዘ። በዘር ይወርዳል።

ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ስታይንና ሌቨንታል ይህን ሕመም ሰባት ሴቶች ላይ አይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ100 ሴቶች 10 ያህሉ አለባቸው፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳው ክሎሚፊን የተባለው ኪኒንም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነበረ። እህቴ በሳጥኗ ተመልሳ ስትመጣ መድኃኒቱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን ሳስብ ያቃጥለኛል።

ለልጄ የታዘዘላት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የእርግዝና መከላከያ የምንለው ኪኒን ሆነ። «ያላገባች ልጅ ነች!» ብዬ ጮኽኩ። ሐኪሟ ረጋ ብላ፣ ለልጄ የሚሰጣት ሽፋኑን በየወሩ ለማርገፍና አንድሮጅኑን ለመቀነስ እንደሆነ ነገረችኝ። ፋርማሲ ራሴ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ሁለተኛው ለስኳር ሕመምተኞች የሚሰጠው ሜትፎርሚን ነው። ሁለቱም እንደየሰው ስለሚለያዩ ከጎረቤት ተቀብላችሁ እንዳትጀምሩ።

ሻይዋ ውስጥ ታስገባው የነበረው አራት ማንኪያ ስኳር ወደ ግማሽ ወረደ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ እኔና እሷ በእግራችን እንሄዳለን። ከ72 ኪሎ ወደ 67 ወረደች። ከክብደት ከመቶ 5 እስከ 10 መቀነስ ብቻ የብዙዎችን ወር አበባ ይመልሳል ብላን ነበር። አንድ ዓመት ቆይታ፣ በሐኪሟ ፈቃድ፣ የመጀመሪያውን ኪኒን ስታቆም በራሱ መጣ። በረመዳን ሜትፎርሚኑን በኢፍጣርና በሰሑር ከምግብ ጋር እንድትወስድ ተስተካከለላት።

እህቴን ጊምቢ ድረስ ሄጄ ነው የነገርኳት፤ ዘመድ ጥየቃ ብላ እዚያ ሰንብታ ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ በኔ ኃጢአት አልነበረማ» አለችኝ። ይህ ሕመም ያለባት ሴት የስኳር በሽታ እንደሚያሰጋት ስለተነገረኝ አስመረመርኳት፤ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። አሁን ክትትል ላይ ነች።

ባለፈው ረመዳን ልጄ ስድስት ቀን አልጾመችም። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቼ ተደብቃ ውኃ ስትጠጣ አገኘኋትና ሁለታችንም ሳቅን። ከቀዷዋ አራቱን አውጥታለች፤ ሁለት ቀን ይቀራታል።