የሳነቴ ቀይ ቀበሮና የእኛ ውሻ

በሮቤ ከተማ በመምህርነት በኖርንባቸው ዓመታት፥ ስለ ሕያዋን ዝርያዎች መለዋወጥ ለተማሪዎቻችን ስናስረዳ፥ ምሳሌያችን ዘወትር ከባሕር ማዶ ነበረ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን በጋላፓጎስ ደሴቶች ያገኛቸውን ወፎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንሥላለን፤ በ1859 እ.ኤ.አ. ያሳተመውንም መጽሐፍ እንጠቅሳለን። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ደሴት የለም ወይ?» ሲል ጠየቀን። ባሕር የሌለው አገር ደሴት ከየት ያመጣል ብለን በሣቅ አለፍነው። ጥያቄው ግን አብሮን ወደ ቤት ገባ።

በመጣው ቅዳሜ መኪና ተከራይተን ወደ ሳነቴ አምባ ለመውጣት ተነሣን። መቻል የተባለው ውሻችን እንደ ልማዱ ዘሎ ከኋላ ተሳፈረ፤ እኛም ውረድ አላልነውም። የሮቤን የስንዴ ማሳ ትተን፥ ጎባን አልፈን ስንወጣ፥ የጥዱና የኮሶው ደን ቦታውን ለአስታ ቍጥቋጦ ለቀቀ። ከ4000 ሜትር በላይ ስንደርስ ዛፍ የሚባል ጠፍቶ፥ ጅብራ ብቻ እንደ ዘበኛ ቆሞ ቀረ። 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ከፊታችን፥ ቆላው ከበታቻችን ሆነ። የተማሪያችን መልስ በዚያ ተገኘ፤ ደሴትን ደሴት የሚያደርገው ውሃ ብቻ አይደለምና። ብርድ ለለመደ እንስሳ የቆላው ሙቀት ራሱ ባሕር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ የብርድ ዘመን እነዚህ ተራሮች ግግር በረዶ ለብሰው ነበር፤ ብርዳማውም የሣር ምድር ከዛሬው እጅግ ዝቅ ብሎ ተዘርግቶ ነበር። የቀይ ቀበሮ አባት የሆነው የተኵላ ዘመድ ከአውሮፓና ከእስያ ወገን ወደ አገራችን የገባው፥ ሊቃውንት እንደሚገምቱት፥ ከ100000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። አየሩ ሲሞቅ ሣሩ ወደ ተራራው ራስ ሸሸ፥ አውሬውም ተከተለው፤ ስምጥ ሸለቆም የባሌውን ከሰሜኑ ለየው። ለብቻው በቀረበት ስፍራ ከሁሉ የበዛው ሲሳይ አይጥና ፍልፈል ነበር። ስለዚህ ከየትውልዱ አፉ ሾጠጥ፥ እግሩ ዘለግ ብሎ የተወለደው ጠግቦ ልጆቹን አሳደገ፤ እንዲህ ያልሆነው ግን ዘሩ መነመነ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው ይህ ነው፤ መራጩም ረኀብ ነበረ። ከባሌ በቀር በዓለም የማይገኘው ትልቁ ፍልፈልም በፋንታው ዐይኖቹ ወደ ዐናቱ ወጥተው፥ ከጕድጓዱ አፍ ሳይርቅ ሣሩን ነጭቶ ይመለሳል።

ይህን ስናሰላስል ቀይ ቀበሮው ከመንገዱ ዳር ታየን። ጀርባው እንደ ሸክላ የቀላ፥ ጕረሮው ነጭ፥ በፍልፈል ጕድጓድ አጠገብ በሆዱ ተኝቶ ይጠብቃል። እኛ ትንፋሻችንን ስንይዝ መቻል ከመኪናው ዘሎ ሮጠ። ብንጠራው አልሰማም። ሁለቱ በጥቂት ክንድ ርቀት ቆመው ተያዩ፤ አፍንጫቸውንም ለመሻተት ዘረጉ። በዚህ ጊዜ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ደርሰው ውሻውን በበትራቸው ወደ እኛ መለሱት። አልተቈጡም። «ይህ ውሻ ተወግቶአል ወይ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። አልተወጋም ነበር። ስለ እብድ ውሻ በሽታ በክፍል ውስጥ የምናስተምረው እኛው ነበርንና፥ አንገታችንን ደፋን።

ሽማግሌው መጠየቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ይኸው በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ፥ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጅቶአል። በዓለም ያሉት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት በባሌ ነው። ያ ሁሉ ዘመን የቀረጸው ገላ ለፍልፈል አደን እንጂ ለውሻ በሽታ አልተዘጋጀም። ምርጫ ብዙ ትውልድና ብዙ ዐይነት ፍጡር ይፈልጋል፤ በሽታው ግን ጊዜ አይሰጥም፥ በደሴት የቀሩ ጥቂቶችም እርስ በርሳቸው እየተዋለዱ አንድ ዐይነት ወደ መሆን ያዘነብላሉ። እርሻውና ከብቱ ከታች ሲገፋቸውም፥ ከቱሉ ዲምቱ በላይ የሚሸሹበት ምድር የለም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞአል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል። የአካባቢው ውሾች ይከተባሉ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደረገ ክትባት መስጠት ተጀምሮአል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብም ሆነ ደንብ ብቻውን ውሻን ከመኪና አያወርድም። ውረድ ሊለው የሚገባ ባለቤቱ ነው።

ሰኞ ጧት መቻልን አስከተብነው። ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የዕድል ነገር እንጂ የእኛ ጥንቃቄ ውጤት አልነበረም። ከዚያም ወደ ክፍል ገብተን፥ ለዚያ ተማሪ ደሴት እንዳለን ነገርነው። «ባሕሩስ የት ነው?» አለ። ባሕሩ ሙቀቱ እንደ ሆነ፥ እርሱን በመኪና ተሻግረን ውሻችንን ያደረስነውም እኛ እንደ ሆንን፥ ሳንደብቅ አስረዳነው።