ባልዲ እምቢ ያለችው ጥጃ

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ወሬው ሁሉ ስለ እባብ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ እባብን እንደ ድመት በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ታዲያ ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው ንክሻው ሳይሆን እባቡ አልበላም ማለቱ ነው። በተለይ የምዕራብ አፍሪካው ትንሽ ዘንዶ፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው፣ አይጥ ቢያቀርቡለት ፊቱን አዙሮ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች አፉን ፈልቅቀው ለማጉረስ አይቸኩሉም። ሳጥኑ ሞቋል ወይ? መደበቂያ አለው ወይ? ቆዳውን ሊጥል ደርሶ ይሆን? እያሉ ይመረምራሉ፤ ከዚያም ይታገሣሉ።

«እኛ አገር እባብ ያየ ሰው ድንጋይ ያነሣል እንጂ ራት ያቀርባል እንዴ?» አለ አንዱ ጓደኛችን። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ፤ እኔም ሣቅሁ። ዳሩ ግን እነዚያን ጥያቄዎች ከዚህ በፊት ኢተያ ሰምቻቸዋለሁ። የተጠየቁት ግን ለጥጃ ነበር።

ከሌላ አውራጃ ለመጣችሁ ሠልጣኞች ትንሽ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው፣ ማዕከሉን አሰላ ያደረገውና ሰው ሁሉ «ካዱ» እያለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ የአገሩን ላም ከፍሪዥያን ዘር እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬው ያከፋፍል ነበር። ካዱ ስሙም አሠራሩም ተለውጦ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። «የፈረንጅ ላም» ግን ከአካባቢው አልጠፋችም። ከእርሷ ጋር ባልዲ መጣ። ያበሻ ላም ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባላት ወተቷን አታወርድም፤ ስለዚህ ጥጃው ከእናቱ ጡት ላይ ያድጋል። የድቅል ላም ጥጃ ግን በብዙ ቤት ከእናቱ ተለይቶ በባልዲ ነው የሚጠጣው። ይህን ደግሞ ተፈጥሮ አላስተማረችውም።

አክስቴ የነበሯቸው አንዲት ድቅል ላም ብቻ ናት። ኅዳር ላይ፣ ስንዴው በሚታጨድበት ሰሞን፣ ሌሊት ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ደስታ ሆነ። ላሚቱ ግን ከወደቀችበት መነሣት አቃታት። ብዙ ወተት በሚሰጡ ላሞች ላይ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ሕመም አለ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው ካልሲየም በድንገት ያንስና ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። በጊዜው መርፌ ከተገኘ ብዙዎቹ ይነሣሉ። በዚያ ሌሊት መርፌም ሐኪምም አልተገኘም። አክስቴ ላሟ እንደተኛች ሁለት ሊትር የሚሆን እንገር አለቡ። ጎሕ ሳይቀድ ሞተች።

እንግዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረው አንዲት እምቦሳና አንድ ጣሳ እንገር ነው። እንገር እንደ ሌላው ወተት አይደለም። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልበት ነገር እምብዛም የለውም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱም ያንን ተቀብሎ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ አንድ ቀን ካለፈ በሩ ይዘጋል። እባቡ ወራት ይቆያል፤ ጥጃዋ ግን ጊዜ አልነበራትም።

አጎቴ ባልዲውን ከመሬት አስቀምጠው አንገቷን ይዘው አፍንጫዋን ደፈቁት። አስነጠሰች፣ ተወራጨች፣ ባልዲውን በእግሯ ልትደፋው ምንም አልቀራት። ሁለተኛ ሞከሩ፤ ያው ነው። «ምን ልሁን ብላ ነው! ጠርሙስ አምጡልኝ፣ በጉሮሮዋ አንቆረቁረዋለሁ!» አሉ። (ይህን ሳነብላችሁ የትኛው የአንደኛ ደረጃ አስተማሪያችሁ ትዝ እንዳላችሁ ይገባኛል፤ የያዝነው ግን የጥጃ ጉዳይ ነው።) የማትውጥ ጥጃ ጉሮሮ ውስጥ የሚንቆረቆር ወተት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ከረሃቡ ይልቅ እርሱ ይቀድማታል።

ጠርሙሱን የከለከሉት ጎረቤታችን አዴ ናቸው። ለልቅሶ ያህል «አይዟችሁ» ሊሉ መጥተው ጣሳውን ከአጎቴ እጅ ተቀበሉ። በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጥጃዋን አልነካም፤ ጣሳውን ዳሰሱ። ቀዝቅዟል። ቀጥለው ጣታቸውን በአፏ ከተቱ፤ አፏም ቀዝቃዛ ነው። የኅዳር ውርጭ እርጥብ ገላዋ ላይ አድሮባታል። «የበረደው ጥጃ አይጠባም» አሉና በጆንያና በገለባ ጀርባዋን አሽተው ከምድጃው አጠገብ አስተኟት። ጣሳውን በፈላ ውኃ ውስጥ አቆሙት። እንገር እሳት ላይ በቀጥታ ከተጣደ ይረጋል፤ እርሱን ደግሞ ልጆች በማንኪያ ይበሉታል እንጂ ጥጃ አትጠጣውም። እንደ ላም ገላ ሲሞቅ፣ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው፣ አወጡት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተማርሁትን ነገር ነው። እምቦሳ ጡት የሚፈልገው አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ነው። ሲጠባ ከሆዱ ውስጥ አንድ ቦይ ይዘጋና ወተቱ ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው የሆድ ክፍል ይወርዳል። መሬት ላይ የተቀመጠ ባልዲ ግን አጎንብስ ይለዋል። አዴ ሁለት ጣታቸውን እንገር ውስጥ ነክረው ከፍ አድርገው ሰጧት። ዝም አለች። ደግመው ነከሩ። ምላሷ ተንቀሳቀሰ፤ ሦስተኛው ላይ ጣታቸውን ጠቅልላ ያዘችው። እየጠባች ሳለ እጃቸውን ዝቅ፣ ዝቅ እያደረጉ ወደ ባልዲው ወሰዷት። አፍንጫዋ ሲነካ ብድግ አለች። ከላይ ጀመሩ። ብድግ አለች። እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርሁም፤ እንገሩን ሁለቴ መልሰን አሙቀናል። አጎቴ በሩ ላይ ቆመው «ኧረ ሰዓቱ!» ይላሉ፤ አዴ መልስ አይሰጡም።

ረፋዱ ላይ አፍንጫዋን ከውጭ አስቀርታ በጣቶቻቸው መካከል መሳብ ጀመረች። ድምፁን ቤቱ ሁሉ ሰማው። አክስቴ ከሌሊት ጀምሮ አላለቀሱም ነበር፤ ያን ጊዜ አለቀሱ።

ከቀትር በኋላ የቀረውን ጠጣች። ቀጥሎ ላለው ወተት ከሦስት ቀን በፊት የወለደች የአዴ ላም ነበረች፤ ጠዋትና ማታ በጣሳ እየተላከ መጣ፤ አክስቴም በገለባ ከፈሉ። በሦስተኛው ቀን ጣት አላስፈለጋትም። አሁን ያስቸገረችው ባልዲው ባዶ ሲሆን ነው፤ እናቷን የምትጎስም መስሏት በግንባሯ እየመታች ግቢውን ታዞረዋለች። አጎቴ ባልዲውን ከግድግዳው ጋር በሽቦ አሰሩት።