ቂብላው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲዞር



ለአንድ ዓመት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጀርመን ቆይቼ መመለሴን የሰሙ ወጣቶች የሚጠይቁኝ ስለ ቪዛው ነው። ሰው ቤት እየኖርክ ሶላትህን እንዴት ሰገድክ፣ ምን በላህ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ወላሂ፣ ከቪዛው ይልቅ የከበደኝ እሱ ነበርና ዛሬ ስለዚያ ልጻፍ።

ፕሮግራሙ «ቬልትቬርትስ» ይባላል። የጀርመን የልማት ትብብር ሚኒስቴር በ2008 (በፈረንጆች) ሲጀምረው የእነሱን ወጣቶች ወደ አፍሪካ፣ እስያና ላቲን አሜሪካ ለመላክ ነበር። ከ2013 ወዲህ መንገዱ ወደዚያም ስለተከፈተ ከ18 እስከ 28 ዓመት ያለን የእኛ ቢጤዎችም መሄድ ጀመርን። ማደሪያ፣ ምግብ፣ የጤና መድንና የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ደሞዝ የለውም። ገንዘብ አጠራቅሞ ለመመለስ የሚያስብ ካለ ከወዲሁ ይተወው።

የመጀመሪያው ሳምንት ስልጠና ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ ካሉት 25 የስልጠና ቀናት ገና መጀመሪያዎቹ። ጫካ ዳር ባለ የወጣቶች ማረፊያ ከጋና፣ ከህንድና ከቦሊቪያ የመጡ ልጆች ጋር ተቀመጥን። ቆሻሻ እንዴት እንደሚለይ ተማርን፤ ወረቀት በሰማያዊው፣ ፕላስቲክ በቢጫው፣ የምግብ ትርፍራፊ በቡናማው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ እንደማይሰማ፣ እሁድ ሱቅ እንደሚዘጋ ተነገረን። ይሄ ሁሉ በሁለት ሳምንት ይለመዳል።

ያልጠበቅኩት «አይ» ማለትን የሚያለማምደን ትምህርት ነው። አሰልጣኟ እንደ ቤት እመቤት ሆና ምግብ ታቀርባለች፤ አንተ ደግሞ የማትፈልገውን ፊት ለፊት ትናገራለህ። የቦሊቪያዋ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰች። የእኔ ተራ ሲደርስ ደሴ ያደግኩበት ይሉኝታ አፌን ያዘው። እኛ ዘንድ እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ባለቤት «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳው ይጎርሳል። አሰልጣኟን ለይሉኝታ የሚሆን የጀርመንኛ ቃል ብጠይቃት ሦስት ቃል ሰጠችኝ፤ አንዱም አልሆነም። «ዝም ካልክ ግን ተስማምተሃል ብለው ነው የሚወስዱት» አለችኝ።

የተቀበለኝ ቤተሰብ ከሃኖቨር ብዙ በማይርቅ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። የሚኖሩት ከአንድ ትልቅ ውሻ ጋር ነው። ገና በሩ ላይ በስማችን ጥራን፣ «ዱ» በለን አሉኝ፤ «ዱ» ማለት አንተ ወይም አንቺ ነው፣ አንቱታው «ዚ» ነው። የእናቴን ታላቅ የምታክል ሴት በስሟ መጥራት ምላሴ እምቢ ስላለኝ «እማማ» አልኳት። ትርጉሙን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ሳቀች፣ እማማ ሆና ቀረች።

ክፍሌ ገብቼ መጀመሪያ የፈለግኩት ቂብላን ነው። ደሴ ላይ መካ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰገድኩት ወደ ሰሜን ዞሬ ነው። ጀርመን ላይ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትሆናለች። ስሰግድ ፊቴ ወደ ሀገሬም የዞረ መሰለኝ፤ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ የወሰደኝ ይህን እያሰብኩ ነው።

ራታቸው ቀዝቃዛ ነው፤ ዳቦ፣ አይብ፣ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ቋሊማ። አባወራው አጠገብ ቢራ አለ። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ አስቀድመው ስለሚያውቁ የዶሮ ቋሊማ ገዝተውልኛል። እንግዲህ አስቡት፤ ለእኔ ብላ ሱቅ ሄዳ የገዛችውን! የእኛ ሰው ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን የሥጋውን ነገር ሳይነገረው ያውቃል፤ ወሎ ውስጥ ጎረቤት ክርስቲያን ሲደግስ ለእኛ የሚታረደውን በእኛ ሰው ያሳርዳል። እዚያ ግን ከሀ መጀመር አለብህ። በተሰባበረ ጀርመንኛ ስለ እርዱም፣ መጠጥ ባለበት ማዕድ ስለ አለመቀመጤም ተናገርኩ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። አባወራው ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ምንም አላለም። የዚያን ሌሊት ቤተሰብ ይቀየርልኝ ይሉ ይሆን እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

በማግሥቱ ራት ላይ ቢራው አልነበረም። ከራት በኋላ በረንዳ ወጥቶ ለብቻው ሲጠጣ በመስኮት አየሁት፤ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ ሆነ። ስለ ጉዳዩ አንስቶብኝ አያውቅም። እማማ ግን «ምን እንደምትፈልግ ስንገምት ከምንኖር ብትነግረን ይሻለናል» አለችኝ። ሥጋውን ከቱርኮች ሱቅ መግዛት ጀመርን። ጀርመን በ1961 ከቱርክ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ፈርማ ስለነበር፣ የእነዚያ ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች በየከተማው ሱቅም መስጂድም አላቸው። ጁሙዓም የምሰግደው እነሱ ጋር ነበር። ኹጥባው ቱርክኛ ስለሆነ አንዳች አልገባኝም፤ ኢማሙ ፋቲሓ ሲጀምር ግን እንባዬ መጣ።

ሁሉም ነገር ግን አልተስተካከለም። ውሻው ውሻ ነው፤ ከቤት አይወጣም፣ ሰው ይልሳል። የሶላት ልብሴን ለይቼ ሰቀልኩ፣ በሬን ዘጋሁ፣ በዚህ ተስማማን። ደግሞ መጸዳጃ ቤት የማስቀምጣት የውሃ ጠርሙስ ነበረች። እዚያ ሀገር ባዶ ጠርሙስ ሱቅ ሲመለስ 25 ሳንቲም ዩሮ ይከፈልበታል። እማማ የረሳኋት መስሏት ሦስት ጊዜ ወስዳ መለሰችልኝ፣ ሳንቲሙንም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጠርሙሷ ለምን እንደምታገለግል የሚያስረዳ ጀርመንኛ በስልጠናው አላስተማሩንም፤ እንደምንም ብዬ አስረዳሁ።

የተመደብኩት አረጋውያን መጦሪያ ነው። በጎ ፈቃደኛ የነርስ ሥራ አይሠራም፤ ምግብ ያቀርባል፣ ጋሪ ይገፋል፣ አብሮ ይቀመጣል። አንዳንዴ ግን ልብስ በማልበስ ያግዛል። በመጀመሪያው ቀን ለኃላፊዋ ሴቶችን በማልበስ እንዳልመደብ ጠየቅኳት። ይከብዳል ብዬ የፈራሁት ይሄ ነበር፤ «ከሴቶቹም ወንድ እንዲያለብሳቸው የማይፈልጉ አሉ» ብላ በደቂቃ ጨረሰችው።

ያስቸገረኝ ሶላቱ ነው። ቦታ ስጠይቃት «ስንት ሰዓት? ስንት ደቂቃ?» አለች። «ከምሳ በኋላ ኢንሻአላህ፣ አምስት አሥር ደቂቃ» አልኳት። ፊቷ ተቀየረ። በኋላ እንደገባኝ ይህን ቃል ከዚህ ቀደም ሰምታዋለች፤ ለእሷ «ላይሆን ይችላል» ማለት ነው። ይሄ ነገር አሳዘነኝ። ከሁሉ የከበደውን ቃል ለቀጠሮ ማምለጫ እያደረግን እንዲህ አስመሰልነው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ሰዓቱን በደንብ እናገራለሁ፣ ኢንሻአላሁን አስከትላለሁ፣ በሰዓቱም እገኛለሁ።

የመስከረምን የሶላት ሰዓት በወረቀት ጽፌ ወሰድኩላት። በፈቃደኝነት በምሠራበት ሰዓት የሚገባው ዙህር ብቻ ነበርና የልብስ ማስቀመጫ ክፍል ቁልፍ ተሰጠኝ። እግር በእጅ መታጠቢያው ላይ ከማውጣት ይልቅ ኹፍ ለብሼ በላዩ ማበስን መረጥኩ፤ ለእንዲህ ያለ ቦታ የተሰጠ ግርታ የሌለው ገር ነገር ነው። አንድ ቀን እዚያ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ስገባ አይተው የት እንደምጠፋ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ ጋሪያቸው ላይ ሆነው የእጅ ሰዓታቸውን መታ መታ ያደርጉልኝ ጀመር።

በጥቅምት መጨረሻ እሁድ የሀገሩ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ቀኑም እያጠረ ሄዶ ዙህርም ዓስርም ሥራ ላይ ያዙኝ። አዲስ ወረቀት ጽፌ ኃላፊዋ ዘንድ ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ አነበበችና «በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ከአሥር ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ ያኔስ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አሳየኋት። ታኅሣሥ እዚያ ተጽፎ ነበር።