ሞተሩ ሲጮህ እኛ ምን አልን?

እስቲ ዛሬ ፖለቲካውንም ኳሱንም ለጊዜው እናቆየውና ስለ አንድ ጩኸት እናውጋ፡፡

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አምስት ሆነን ባሕር ዳር ወረድን፡፡ የአዲስ አበባ ልጅ ባሕር ዳር ሲሄድ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግን፡፡ ዓሣ በላን፣ ጭስ ዓባይን አየን፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጀልባ ተከራይተን ወደ ዘጌ ቀዘፍን፡፡ «ቀዘፍን» ያልነው ለወጉ ነው፡፡ የቀዘፈልን ከጀልባዋ ኋላ የተንጠለጠለው ሞተር ነው፡፡

ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ስንዞር ቆይተን ለመመለስ ስንሳፈር ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ተጠግቷል፡፡ ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህን ሰዓት አይወደውም፡፡ ጠዋት እንደ መስታወት ተኝቶ ያያችሁት ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበትና ጀልባዋን ያንገላታት ይጀምራል፡፡ እኛ ግን ምን ገዶን! የሕይወት ማዳኛ ጃኬቶቹን እንደ ትራስ ከታች አንጥፈን ተቀምጠን ፎቶ እንነሳለን፡፡

ግማሽ መንገድ ላይ «ጢ....ጥ» የሚል ድምፅ መጣ፡፡ አያቋርጥም፡፡ አንዳችን «ስልክህን ዝጋው እንጂ!» አለ፡፡ ሁላችንም ስልካችንን አየን፡፡ የማንም አይደለም፡፡ ወዲያው ሞተሩ ማንም ሳይነካው ፍጥነቱን ቀነሰ፡፡

ጀልባ ነጂው ሃምሳውን የተሻገሩ ሰው ናቸው፡፡ ነዳጁን ወደ መጨረሻው ዝቅታ መለሱና ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ፡፡ ያዩት ሞተሩን ሳይሆን ከሞተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ነበር፡፡ አንዴ አይተው ሞተሩን አጠፉት፡፡

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ሽንቱ ቆመ» አሉ፡፡

ሳቅን፡፡ እሳቸው አልሳቁም፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ የመኪና ሞተር ውሃውን በራዲያተር ይዞ ይዞራል፡፡ ይኸኛው ግን የራሱ ውሃ የለውም፤ የሚጠጣው ከሐይቁ ነው፡፡ ውሃ ውስጥ በገባው እግሩ ላይ ወንፊት የመሰለ ማስገቢያ አለ፡፡ በዚያ የገባውን ውሃ ትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ ገፍቶ የጋለውን ሞተር ያበርደዋል፡፡ ከውሃው ጥቂቱ በዚያች ቀዳዳ በኩል እንደ ቀጭን ክር እየተወረወረ ይወጣል፤ ፓምፑ እየሠራ መሆኑን የምትነግረን እሷ ናት፡፡ ክሩ ከተቋረጠ ሞተሩ በባዶ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፡፡ ያኔ «ትንሽ ልሂድበት» ካላችሁት ፒስተኑ ይጣበቅና ሐይቅ መሃል ከብረት ክምር ጋር ትቀራላችሁ፡፡

ከእኛ ውስጥ አንዱ፣ ስሙን ለክብሩ ስንል እንተወውና፣ «ጋሼ፣ የዚህን ጩኸት ሽቦ መንቀል አይቻልም?» አለ፡፡

«ይቻላል እንጂ ልጄ» አሉት፡፡ «ሽቦው ሲነቀል ዝም የምትለው ጩኸቷ ናት፡፡ ሞተሩ ግን መቀቀሉን አያቆምም፡፡»

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ያለውን ዝምታ አንረሳውም፡፡ ማዕበሉ ጎን ጎኗን ይመታታል፣ ጀልባዋ ቀስ እያለች ትዞራለች፣ የባሕር ዳር ዘንባባዎች ከሩቅ አረንጓዴ መስመር መስለው ይታያሉ፡፡ ማንም ሳያዘን ከተቀመጥንበት ብድግ ብለን ጃኬቶቹን ለበስናቸው፡፡

«እምቦጭ ነው» ብለን ፈረድን፡፡ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጣና ላይ ስለገባው አረም ብዙ ሰምተናል፤ የደምቢያንና የፎገራን ዳርቻ እንዴት እንደወረረው እናውቃለን፡፡ ስለዚህ ወንጀለኛው ሳይያዝ ፍርዱ ተሰጠ፡፡

ሰውዬው ከረዳታቸው ጋር ሆነው ሞተሩን ከውሃው አወጡት፡፡ ከእግሩ ላይ፣ ወንፊቱን ጥብቅ አድርጎ ሸፍኖ የተገኘው ግን እምቦጭ አልነበረም፡፡ ጥቁር ፌስታል ነው፡፡ ጠዋት ከሱቅ ዳቦ የገዛንበት ዓይነት ፌስታል፡፡ የእኛ ነው አላልንም፤ አይደለምም ብለን መማል ግን አልቻልንም፡፡

ፌስታሉ ከተነሳ በኋላ ወዲያው አላስነሱትም፡፡ «ይተንፍስ» ብለው ጠበቁ፡፡ ሲያስነሱት ጩኸቱ ተመለሰ፤ ከቀዳዳዋ የሚወጣውም ጠብታ ብቻ ነው፡፡ ልባችን ወረደ፡፡ እሳቸው መልሰው አጥፍተው ከኪሳቸው ቀጭን ሽቦ አወጡና ቀዳዳዋን ጎረጎሯት፡፡ ትንሽ ጭቃ ወጣ፡፡ እንደገና ሲያስነሱት ክሩ ተወረወረ፡፡ ጩኸቱ ሞተሩ እስኪበርድ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ዝም አለ፡፡

በዝግታ እየተጓዝን ጥያቄ አዘነብንባቸው፡፡ «ውሃው ደህና እየወጣ ቢጮህስ?» «መብራቶቹን እይ፡፡ ዘይት ሲያልቅም የምትጮኸው ይህችው ናት፡፡ ዘይት ሳትጨምር እንዳታስነሳው፡፡» «ዘይቱም ሙሉ ቢሆን?» «ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ይሆናል፤ ወይም ሴንሰሩ ራሱ ታሞ ይሆናል፡፡» «ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ውሃው ቢደክምስ?» «የፓምፑ ጎማ አልቋላ! ክንፍ ክንፍ ያለው ጎማ ነው፤ ጭቃ ውሃ ይበላዋል፡፡ ከውሃ ውጭ ካስነሳኸውማ ባንድ አፍታ ይቀደዳል፡፡ እሱን ደርሰህ ትቀይራለህ እንጂ እዚህ መሃል አትፈታውም፡፡» ሴንሰሩ ሊዋሽ ይችላል፤ እሳቸው ግን ዋሽቷል ብለው የሚያስቡት ሁሉንም አይተው ከጨረሱ በኋላ ነው፡፡

እኛ የምንኖረው በተቃራኒው ነው፡፡ የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት ላይ ፕላስተር ተለጥፎበት ስንት ታክሲ ተሳፍረናል? ስንቶቻችን ነን የጨጓራችንን ጩኸት በክኒን አፍነን ወር የምንቆጥረው? «ነገሩ አስጊ ነው» የሚለውን ጓደኛችንንስ ስንቴ «አታሟርት» ብለነዋል? ሽቦ ለመንቀል ማን ይቀድመናል!

በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በምክር ቤት ሲጸድቅ ያ ጥቁር ፌስታል ትዝ አለን፡፡ ያን ቀን ሰውዬው ወደ ውሃው አልመለሱትም፡፡ ጨምቀው ለአንዳችን አቀበሉትና «ከተማ ስትገቡ ጣሉት» አሉ፡፡ ሽቦ ይነቀል ያለው ጓደኛችን ነው የተቀበለው፡፡ ወደብ እስክንደርስ ድረስ ጭኑ ላይ አስቀምጦት፣ ዓይኑን ከዚያች ቀዳዳ ላይ አልነቀለም፡፡