የቅዳሜና እሑድ ውሏችን

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን እጩ መምህራን ባለፈው ቅዳሜ ለሰኞው የማስተማር ልምምድ በጆንያ ላይ የፊደል ገበታ ስንጽፍ ዋልን። ቀለም ስላልነበረን እንደ ብራና ጸሐፍት ጥላሸትና የተቆላ እህል በጠበጥን። እነሱስ ወራት ያቆዩታል፤ እኛ ምን ጊዜ አለን!

ማታ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) አየን። ለባላባት የሚያርሰውን ቤተሰብ ስናይ አያቶቻችን ትዝ አሉን፤ ማንም አላወራ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይ ተሸከምን። ታች ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ያስመሰከሩት መሪጌታ ልናሳያቸው የወሰድነውን ገበታ አገላብጠው «ቀለሙ ገና ጥሬ ነው፤ ቢሆንም ለእነዚህ ሕፃናት ተዉልኝ» አሉን። ፊደል ቆጣሪዎቹ ከበውታል። ግማሾቻችን «ሰኞስ?» አልን፤ ተከራከርን። በመጨረሻ ተውንላቸው። ጥላሸት እንደሆነ አይጠፋም፤ ሌሊቱን በሻማ ሌላ ጆንያ ቀደድን።