ቁመቱ ዕድሜውን የሚናገር ቤት

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው፥ ቆላው አልቆ ደጋው ሲቀበለው፥ በእንሰቱ መካከል ከፍ ከፍ ያሉ ቤቶች ያያል። እነዚህ የዶርዜ ቤቶች ናቸው። መልካቸው ዝሆን ይመስላል፤ ወደ ፊት የወጣው መግቢያ እንደ ኩምቢ፥ ከበላዩ ያሉት ሁለት የጢስ መውጫዎች እንደ ዓይን ናቸው።

የዶርዜ ሕዝብ በሽመና የታወቀ ነው፤ ቤቱንም እንደ ሸማው ይሠራዋል ማለት ይቻላል። ቀርቀሃው ተሰንጥቆ እንደ ትልቅ ቅርጫት ከታች ወደ ላይ ይታታል፤ ሚስማር አይገባበትም። ከላይ የቀርቀሃ ቅርፊትና የእንሰት ቅጠል ይለብሳል። አዲሱ ቤት እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። በውስጡ ምድጃና መኝታ፥ በአንድ ወገንም የከብቶች ቦታ አለ። ጢሱም ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ምስጥ ግድግዳውን ከሥሩ መብላቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ የተበላው ተቆርጦ ይጣልና ቤቱ ዝቅ ይላል። ቦታ መለወጥ ቢያስፈልግ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ስለዚህ ረጅሙ ወጣት፥ አጭሩ ሽማግሌ ነው።

የአያቴ ቤት ሽማግሌ ነው። አባቴ ሳይወለድ የተሠራ ሲሆን፥ ዛሬ የምገባው በጣም አጎንብሼ ነው። ባለፈው መስቀል ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበ ጊዜ አጎቴ፥ «ይፍረስና በቆርቆሮ ይሠራ» የሚል አሳብ አቀረበ። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም፤ ጢሱ የአያቴን ዓይን ጎድቶታል፤ የቆርቆሮ ቤት መስኮትና ብርሃን አለው። እኔ ግን እንዳይፈርስ ለመንሁ። አያቴ ሁለታችንንም አዳምጠው ሲያበቁ፥ «ልጄ፥ ይቆይ ማለትህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ነገር ግን ሲያልቅ ማን ይሠራልኛል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አብረዋቸው ቀርቀሃ ይታቱ የነበሩት ብዙዎቹ አርፈዋል፤ ልጆቻቸውም አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ወርደው ሸማ ይሠራሉ። ለጊዜው ቤቱ እንዲቆይ ተወሰነ፤ የአያቴ ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ሁላችንም በቀርቀሃ ቤት እንኑር አልልም። ነገር ግን የግብፅን ፒራሚድ ቁመት በቃላችን እያጠናን፥ የአያቶቻችን ቤት በምን ብልሃት እንደሚቆም አለማወቃችን ያሳዝናል። ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት ወደ ደጋ የምንወጣ ሁሉ፥ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ሜትርና ደብተር ይዘን እንሂድ፤ እንለካ፥ እንጻፍ፥ ቀርቀሃ መሰንጠቅንም ከእጃቸው እንማር። እኔ ከአያቴ ቤት እጀምራለሁ።